ማጀቢያው እንዲሰማ የተሠራ ነው፦ በፊልም ሙዚቃ ላይ ለቀረበ ክስ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ፊልምና ስለ ተከታታይ ድራማ ሙዚቃ በቅርቡ የወጣ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁ። ጸሐፊው ተመልካቾች የሚወዷቸውን ማጀቢያዎች እየዘረዘሩ ማወደሳቸውን ይነቅፋሉ፤ ውዳሴው ከመሠረቱ ስሕተት መሆኑን ለማሳየትም ስምንት ነጥቦችን ያቀርባሉ። ባጭሩ እንዲህ ናቸው፦ ጥሩ የፊልም ሙዚቃ የማይሰማው ነው፤ ሙዚቃ የተመልካቹን ስሜት በግድ ይጎትታል፤ ከምስሉ ሲለይ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ቀድሞ የተሠራ ሙዚቃ መዋስ ስንፍና ነው፤ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራው ድምፅ እንጂ ሙዚቃ አይባልም፤ የተከታታይ ድራማ ሙዚቃ የመግቢያ ጌጥ ብቻ ነው፤ ታላላቅ ፊልሞች ያለ ሙዚቃ ተሠርተዋል፤ የዛሬዎቹ ማጀቢያዎችም እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ።

ጸሐፊው ጉዳዩን በቁም ነገር መያዛቸውን አከብራለሁ። ሆኖም ከመጨረሻው ነጥባቸው ከፊሉ በቀር በአንዱም አልስማማም። ነጥቦቹ ሁሉ የሚነሡት ሙዚቃ ተሠርቶ ላለቀ ምስል የሚደረብ ልብስ ነው ከሚል ግምት ነው። በእኔ እምነት ግን ሙዚቃ በፊልም ውስጥ እንደ ካሜራውና እንደ ተዋናዩ ሁሉ ተራኪ ነው፤ ዋጋውም የሚለካው ምስሉ ገና ያልተናገረውን፣ ወይም ጨርሶ ሊናገረው የማይችለውን ነገር ምን ያህል ያውቃል በሚለው ነው። ምላሼ በዚህ መለኪያ ይሄዳል፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ የክሱ ሁሉ ምሰሶ ስለሆነ በእርሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። ተዋናዮች በሚነጋገሩበት ትዕይንት ሙዚቃው ከንግግሩ በታች ዝቅ ማለት እንዳለበት ማንም አይክድም፤ የማይሰማ ሙዚቃ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብም የመጣው ከዚህ ተገቢ ጥንቃቄ ይመስለኛል። ጥንቃቄው ወደ ሕግ ሲለወጥ ግን የፊልም ታሪክ ራሱ ይቃወመዋል። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ያወጣውን «ጆውስ»ን እንውሰድ። ለፊልሙ የተሠራው ሜካኒካል ሻርክ ባሕር ውስጥ ሲገባ በየጊዜው እየተበላሸ ስላስቸገረ አውሬው በአብዛኛው የፊልሙ ክፍል ለዓይን አይታይም። ያንን ባዶ ቦታ የሞላው የሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ ነው፤ የሞላውም በግማሽ ድምፅ ብቻ በሚራራቁ ሁለት ወፍራም ኖታዎች ነው። ዊሊያምስ እነዚህን ኖታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በፒያኖ ሲያሰማው ስፒልበርግ ቀልድ መስሎት እንደነበር ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ኖታዎቹ ዝግ ብለው ይጀምራሉ፤ እየተቀራረቡ፣ እየፈጠኑና እየጎሉ ሲመጡ ተመልካቹ አውሬው ምን ያህል እንደቀረበ በጆሮው ይለካል። ካሜራው ውኃ ብቻ እያሳየ ነው፤ ርቀቱን የሚያውቀው ሙዚቃው ነው።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቀኝ ሙዚቃው ዝም የሚልበት ቦታ ነው። በበዓሉ ቀን ዋናተኞች በሞሉት ባሕር ላይ የሻርክ ክንፍ ብቅ ይላል፤ ሕዝቡም እርስ በርሱ እየተረጋገጠ ወደ ዳር ይሸሻል። ሁለቱ ኖታዎች ግን አይሰሙም። ጥቂት ቆይቶ ክንፉ ሁለት ልጆች ለማስፈራራት የሠሩት ካርቶን መሆኑ ይታወቃል። ሙዚቃው አልዋሸም፤ በጥንቃቄ ያዳመጠ ተመልካች ሻርክ አለመኖሩን ከሕዝቡ ቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር። ተመልካቹ በዚህ መንገድ ኖታው ካለ ሻርኩ አለ፣ ከሌለም የለም ብሎ ከተማመነ በኋላ፣ የፖሊስ አዛዡ ከጀልባው ላይ ሆኖ ማባበያ ሥጋ ወደ ውኃው ሲወረውር አውሬው ያለ አንዲት ኖታ ማስጠንቀቂያ አፉን ከፍቶ ይወጣል። ያ ድንጋጤ የተገነባው ቀድሞ በተሰማ፣ እንዲሰማና እንዲታወስም ታስቦ በተጻፈ ሙዚቃ ነው። የማይሰማ ማጀቢያ ከተመልካቹ ጋር እንዲህ ያለ ውል ሊገባ አይችልም፤ ውል ከሌለ ደግሞ የሚፈርስ ነገር አይኖርም።

በ1960 የወጣው «ሳይኮ» ሌላው ምስክር ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ በመታጠቢያ ክፍሉ የግድያ ትዕይንት ላይ ሙዚቃ እንዳይኖር ፈልጎ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን ለባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ በጻፈው ማጀቢያ ውስጥ ለዚያ ትዕይንትም ጽፎ አሰማው፤ ሂችኮክም ሐሳቡን ለወጠ። በእነዚያ የሚጮኹ ቫዮሊኖች ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ሙዚቃ ተመልካቹን አልቅስ፣ ፍራ፣ ተደሰት እያለ ያዝዘዋል የሚለው ክስ ለደካማ ማጀቢያዎች እውነት ነው። ደካማ ማጀቢያ ምስሉ አስቀድሞ የነገረንን ነገር በከፍተኛ ድምፅ ይደግመዋል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ስሜትን የሚነካ ሙዚቃ ሁሉ ማታለል ነው ማለት ሩቅ መሄድ ነው። ሳትያጂት ሬይ በ1955 በሠራው «ፓተር ፓንቻሊ» ውስጥ አባት ከረጅም መንገድ ተመልሶ ለቤተሰቡ ያመጣውን ስጦታ ያወጣል፤ ልጁ ዱርጋ መሞቷን አያውቅም። ለእርሷ ያመጣውን ልብስ ለእናትየዋ ሲያቀብላት እናትየዋ መቆም ያቅታታል፤ አፏን ከፍታ ስታለቅስ እናያታለን፤ የምንሰማው ግን የእርሷን ድምፅ ሳይሆን ታር ሸህናይ የተባለውን በደጋን የሚመታ መሣሪያ ከፍ ያለ ጩኸት ነው። የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው ራቪ ሻንካር ነው፤ ሬይም የሰውን ልቅሶ አውጥቶ በምትኩ ያንን ድምፅ አስገባ። እዚህ ላይ ሙዚቃው ተመልካቹን አልቅስ አላለውም፤ ድምፅ የጠፋለት ሐዘን ምን እንደሚመስል አሳየው። የተዋናይቱ ልቅሶ ቢሰማ ኖሮ የአንዲት እናት ልቅሶ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ጸሐፊው ይህን ፊልም በጽሑፋቸው ውስጥ በክብር አንሥተው ስለዚህ ትዕይንት ሙዚቃ አንድም ነገር አለማለታቸው ይገርመኛል።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። የፊልም ሙዚቃ ራሱን ችሎ አይቆምም ለሚለው ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ ከሆሊውድ ፊልሞቹ ዜማዎችን ወስዶ የቫዮሊን ኮንሰርቶ፣ ማለትም አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ መጻፉን፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ያሻ ሃይፌትዝም በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ መጫወቱን ማስታወስ ይበቃል፤ ሥራው ዛሬም በታላላቅ መድረኮች ይሰማል። ሰርጌይ ፕሮኮፊየፍም ለዳይሬክተሩ አይዘንስታይን ፊልም «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» የጻፈውን ሙዚቃ በ1939 ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የሚሆን ካንታታ አድርጎታል። በሌላ በኩል ከምስሉ ሲለይ የሚከሳ ጥሩ ማጀቢያ መኖሩን አልክድም፤ ይህን ግን እንደ ጉድለት አላየውም። የ«ጆውስ» ሁለት ኖታዎች ያለ ባሕሩ ጥቂት ናቸው፤ የተጻፉትም ለባሕሩ ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ቀድሞ የተሠራ ሙዚቃን ወደ ፊልም ማስገባት ስንፍና ነው የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ የምቃወመው ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ዳይሬክተሩ የተወደደ ዘፈን ገዝቶ የሌላ ሰው ሥራ የፈጠረውን ስሜት ይበደራል። እንዲህ የሚያደርጉ መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ስታንሊ ኩብሪክ ለ1968ቱ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» የሙዚቃ ደራሲው አሌክስ ኖርዝ ለፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል ጽፎ ያስቀረጸውን ማጀቢያ ትቶ የዮሐን ስትራውስን ዋልዝና የጆርጂ ሊጌቲን ሥራዎች ሲያስገባ ቀላሉን መንገድ አልመረጠም። በእጁ የተቀረጸ ሥራ ነበረው። ኖርዝ ሙዚቃው መቅረቱን ያወቀው ፊልሙን ሲያይ ነው፤ ይህ በደል መሆኑን አምናለሁ፤ ምርጫው ግን ስንፍና አልነበረም። የጭፈራ አዳራሽ ዋልዝ በሰማይ በሚንሳፈፉ መንኮራኩሮች ላይ ሲሰማ፣ ጠፈር የጀብዱና የፍርሃት ስፍራ መሆኑ ቀርቶ የሰው ልጅ በዝግታና በሥርዓት የሚመላለስበት ቤት ሆኖ ይታየናል። ያንን ትርጉም ከዋልዙ በፊት ምስሉ አልያዘውም።

ወንግ ካር ዋይ በ2000 ያወጣው «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ሁሉም ሰው የዚያ ፊልም ሙዚቃ ነው ብሎ የሚያውቀውን የቫዮሊን ዋልዝ ሺገሩ ኡመባያሺ የጻፈው በ1991 ለወጣ ሌላ የጃፓን ፊልም ነው። ወንግ ዋልዙን ደጋግሞ ያስገባዋል፤ በገባ ቁጥርም ምስሉ ይዘገያል። ሴትዮዋ የምግብ መያዣዋን አንጠልጥላ በጠባቡ ደረጃ ትወርዳለች፤ ሰውየው በአጠገቧ ያልፋል፤ ትከሻቸው ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው ይተላለፋሉ። ከበታች ያሉት አውታሮች በጣት እየተነጠቁ ሦስት ሦስት ይቆጥራሉ፤ ከበላያቸው ቫዮሊኑ እየተንጠላጠለ ይሄዳል። ዋልዝ ሁለት ሰዎች ተያይዘው የሚጨፍሩበት ስልት ነው፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን አንድም ጊዜ አይጨፍሩም። ሙዚቃው እነርሱ ሊያደርጉት የማይደፍሩትን እያደረገላቸው ነው። ይህን ያህል ከፊልሙ ጋር የተዋሐደ ሥራ ለሌላ ፊልም መጻፉ ዋጋውን አይቀንሰውም፤ የዳይሬክተሩን ጆሮ ያሳያል እንጂ።

በዚሁ ነጥብ ላይ ጂም ጃርሙሽ በ2005 የሠራውን «ብሮክን ፍላወርስ»ን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ የሚገባው ከሰማይ ወርዶ አይደለም፤ ዊንስተን የተባለው ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ለጉዞው ይሆነዋል ብሎ ሲዲ ቀድቶ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ይሰጠዋል፤ ሰውየውም በመኪናው ውስጥ ይከፍተዋል። ቢል መሪ የሚጫወተው ይህ ሰው ፊቱ አይነበብም፤ ሙዚቃው ግን ይጠይቃል፣ ይጠራጠራል፣ መንገዱንም ይቀጥላል። ከበርካታ ዐሥርት ዓመታት በፊት የተቀዳ ሙዚቃ ባይታሰብ ኖሮ ለዚያ ዝምተኛ ፊት የሚናገርለት ማን ነበር? ለሙላቱ ሥራ በመላው ዓለም ብዙ አዲስ አድማጮች የመጡትም በዚህ ፊልም በኩል ነው።

አምስተኛው ነጥብ አዲስ አይደለም። «ፎርቢደን ፕላኔት» በ1956 ሲወጣ ሉዊስና ቢቢ ባሮን የተባሉ ባልና ሚስት ራሳቸው በሠሯቸው የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩቶች ሙሉውን ማጀቢያ አዘጋጅተው ነበር፤ ሆኖም ከሙዚቀኞች ማኅበር ተቃውሞ ይመጣል በሚል ስጋት ሥራቸው በስም ዝርዝሩ ላይ ሙዚቃ ሳይባል ቀረ። ጸሐፊው ያንኑ የቆየ ፍርድ መድገማቸው ነው። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የሰው እጅ የለበትም የሚሉት ከሆነ፣ ቫንጌሊስ በ1982 ለ«ብሌድ ራነር» የተጠቀመበትን ያማሃ ሲኤስ-80 የተባለ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ባለ ቁልፍ መሣሪያ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ ሲንተሳይዘር ላይ ቁልፉ አንዴ ከተመታ በኋላም ጣት ጠበቅ ባለ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ጣትም ለብቻው። የዚያ ፊልም ረጃጅም ኖታዎች እንደ ትንፋሽ የሚያብጡትና የሚከስሙት በተጫዋቹ ጣት ግፊት ነው። ኖታ የማይጽፈው ቫንጌሊስ ምስሉን እያየ ይጫወት ነበር፤ ይህ ከማንኛውም የሙዚቃ አጨዋወት የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

በ2019 ለወጣው ተከታታይ ድራማ «ቼርኖቢል» የሙዚቃ ደራሲዋ ሂልዱር ጉድናዶቲር ያደረገችው ደግሞ ነገሩን ከዚህ ያርቀዋል። ሥራ ወዳቆመው የሊትዌኒያ ኢግናሊና የኑክሌር ጣቢያ ከባልደረቦቿ ጋር ገብታ የአዳራሾቹን፣ የፓምፕ ክፍሎቹንና የበሮቹን ድምፅ ቀዳች፤ ከዚያ ድምፅና ከራሷ የሰው ድምፅም ማጀቢያውን ሠራች። በታሪኩ ውስጥ ገዳዩ ነገር ጨረር ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ካሜራ ሊያሳየው አይችልም። ሙዚቃው ግን በየግድግዳው ውስጥ እንዳለ አድርጎ አሰማን፤ ምክንያቱም ከዚያው ዓይነት ግድግዳ የተወሰደ ነው። ይህን ሙዚቃ አይደለም ማለት ለማን ይጠቅማል?

ስድስተኛው ነጥብ የተከታታይ ድራማ ሙዚቃን ተመልካቹ ዘሎት የሚያልፈው የመግቢያ ጌጥ ያደርገዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ የማያገኘውን ነገር ተከታታይ ድራማ አለው፤ እርሱም የተመልካቹ ትዝታ ነው። በ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ውስጥ «ዘ ሬይንስ ኦፍ ካስታሜር» የተባለው ዘፈን ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ በፉጨትና በዜማ ይሰማል፤ በላኒስተር ቤት ላይ ያመፀ አንድ ቤተሰብ እንዴት ዘሩ እንደጠፋም በሦስተኛው ምዕራፍ ስምንተኛ ክፍል ላይ ንግሥቲቱ በዝርዝር ትናገራለች። በሚቀጥለው ክፍል፣ በሠርጉ ግብዣ መካከል በሩ ይዘጋል፤ ከሰገነቱ ላይ ያሉት ሙዚቀኞችም የጭፈራውን ዜማ ትተው ያንን ዘፈን ይጀምራሉ። እስካሁን የተመዘዘ ጎራዴ የለም። ከተጋባዦቹ አንዷ፣ የላኒስተሮች ጠላት የሆነችው ካትሊን ስታርክ ዜማውን ስትሰማ ፊቷ ይለወጣል፤ የተመልካቹም ይለወጣል፤ ሁለቱም ያወቁት ከጆሯቸው ነውና። ራሚን ጃዋዲ ያቀናበረው ይህ ዜማ የሞት ፍርዱን አነበበ፤ ምስሉ የፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። ያው ጃዋዲ በ2016 በስድስተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ላይ በተከታታዩ ውስጥ ቦታ ያልነበረውን ፒያኖ ይዞ ሲመጣ፣ ለዓመታት ያዳመጠ ተመልካች ባዕድ ድምፅ እንደገባ ወዲያው ያውቃል፤ አንድ ከባድ ነገር ሊመጣ መሆኑንም ከዚያ ይረዳል። መግቢያውን እየዘለለ የሚያይ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

የ«ትዊን ፒክስ»ም ነገር እንዲሁ ነው። አንጀሎ ባዳላሜንቲ የሎራ ፓልመርን ዜማ የጻፈው ዴቪድ ሊንች አጠገቡ ተቀምጦ ጨለማ ጫካን፣ ነፋስን፣ ጨረቃንና ከዛፎቹ መካከል ብቻዋን የምትመጣ የተጨነቀች ልጅን በቃል እየገለጸለት እንደነበር ራሱ ተርኳል። ወፍራሞቹ ኅብረ ድምፆች በመጀመሪያ ጨለማውን ያነጥፋሉ፤ ልጅቷ ስትቀርብ ዜማው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ደርሶ ይሰበርና ወደ ጨለማው ይመለሳል። ሎራ ታሪኩ ሲጀመር ሞታለች። በየሳምንቱ ወደ ተመልካቹ የምትመጣው በፎቶግራፏና በዚህ ዜማ ነው፤ ከሁለቱም ስለ ሕይወቷ የበለጠ የሚነግረን ዜማው ይመስለኛል።

ሰባተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። ጸሐፊው ታላላቅ ፊልሞች ያለ ሙዚቃ ተሠርተዋል ሲሉ በዋናነት የሂችኮክን የ1963 «ዘ በርድስ» ይጠቅሳሉ። በዚያ ፊልም ውስጥ የተለመደ ማጀቢያ የለም፤ ይሁንና የወፎቹ ጩኸት ከፊሉ ትራውቶኒየም በተባለ የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ ተሠርቷል፤ የድምፅ አማካሪ ሆኖ ስሙ የተጻፈውም የ«ሳይኮ»ው በርናርድ ኸርማን ነው። «ዘ ዋየር»ም እንዲሁ ሙዚቃን ከትዕይንቱ ውጭ ላለማስገባት ቢጠነቀቅም፣ በአምስቱ ምዕራፎች መግቢያ ላይ አንዱን ዘፈን በአምስት የተለያዩ አቀራረቦች አሰምቷል። ዝምታውን የሚመርጥ ሰው ሙዚቃን የሚያውቅ ሲሆን ዝምታው ዋጋ ያገኛል።

የመጨረሻው ነጥብ ላይ በከፊል እስማማለሁ። ብዙ የዛሬ ማጀቢያዎች ይመሳሰላሉ፤ ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት ምክንያትም ትክክል ነው። ኤዲተሩ ፊልሙን ሲያገጣጥም ከሌላ ፊልም የወሰደውን ሙዚቃ ለጊዜው ያስገባል፤ ዳይሬክተሩ ለወራት ከዚያ ጋር ይላመዳል፤ የሙዚቃ ደራሲው ሲመጣም ያንኑ የሚመስል ይጠየቃል። ጄሪ ጎልድስሚዝ በ«ኤሊየን» ላይ የገጠመው ከዚህም የባሰ ነበር፤ ለጊዜው የገባው ከራሱ የቀድሞ ፊልም የተወሰደ ሙዚቃ ስለነበር፣ አዲስ ከጻፈው ከፊሉ ወጥቶ አሮጌው በ1979 ከፊልሙ ጋር ለሕዝብ ቀረበ።

የማልስማማው በመፍትሔው ነው። ጸሐፊው ሙዚቃው ይቀነስ፣ ድምፁም ዝቅ ይበል ይላሉ። መጠኑ ቢቀንስ ያው ተመሳሳይ ሙዚቃ ባነሰ ድምፅ ይሰማል እንጂ ምንም አይለወጥም። የሚለወጠው ደራሲው የሚጠራበት ጊዜ ነው። ኤኒዮ ሞሪኮኔ ለሰርጂዮ ሊዮኔ የ1968 «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ዋና ዋና ዜማዎቹን ከቀረጻው በፊት ጨርሶ ስለነበር ሙዚቃው በቀረጻው ቦታ እየተከፈተ ተዋናዮቹ በእርሱ ልክ ይራመዱ ነበር። ክሪስቶፈር ኖላን ለ«ኢንተርስቴላር» ሃንስ ዚመርን ሲጠራ ስለ ጠፈር ምንም ሳይነግረው ስለ አባትና ልጅ የሚያወሳ አንድ ገጽ ብቻ ሰጠው፤ የፊልሙ ሙዚቃም ከዚያ ገጽ ተወለደ። ሂልዱር ለ«ጆከር» ከስክሪፕቱ ተነሥታ የጻፈችው የቼሎ ሙዚቃ ደግሞ በቀረጻው ቦታ ለዋናው ተዋናይ ለዋኪን ፊኒክስ ተከፈተለት፤ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚታየው ጭፈራ በስክሪፕቱ ያልነበረ፣ ተዋናዩ ያንን ሙዚቃ እየሰማ የፈጠረው ነው። ለእነዚህ ትዕይንቶች ከሌላ ፊልም ሙዚቃ መዋስ አያስፈልግም ነበር፤ ሙዚቃው ከምስሉ ቀድሞ ስለነበር። ጸሐፊው ይህን የአሠራር ልዩነት ቢመረምሩት ክሳቸው ከሙዚቃ ደራሲዎቹ ተነሥቶ የፕሮዲውሰሮቹን የጊዜ ሰሌዳ ወደ መጠየቅ የሚዞር ይመስለኛል፤ በዚያም ጉዳይ ከጎናቸው እቆማለሁ።